ምንም ያልሠሩት ሁለት ሰዎችና ቁም ሣጥኑ

ሰዓት ሠሪው ቁም ሣጥኑን ብቻዬን አወጣለሁ ብሎ የተነሣው በአማቱ ምክንያት ነው። አማቱ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከመጡ ሳምንት አልሞላቸውም፣ ልብሳቸውም ገና ከሻንጣ አልወጣም። ስለዚህ በባልና ሚስቱ መኝታ ቤት ያለው ትልቁ ቁም ሣጥን ወደ እሳቸው ክፍል ይዛወር ተባለ። እሳቸው አማቻቸውን ከእግር እስከ ራሱ ካዩት በኋላ ወደ ልጃቸው ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ የተናገሩ እየመሰላቸው፣ «በወረንጦ የሚሠራ ሰው ይህን ተራራ በምን ክንዱ ሊገፋው ነው? ጎረቤት ጥሩ እንጂ» አሏት።

ሰዓት ሠሪው ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ ከምስር ፍሬ ያነሱ የሰዓት ጥርሶችን በማጉያ መነጽር ሲገጣጥም የኖረ ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። አማቱን «እንዴት አደሩ» እና «እንዴት አመሹ» ከማለት አልፎ አናግሯቸው አያውቅም። ያን ቀን ግን ነገሩ ከነከነው።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ሚስቱ ፈተና ልታርም ኩሽና ገባች። የፊዚክስ መምህርት ናት። ያወጣችው ጥያቄ፣ አንድ ሰው የማይነቃነቅ ግድግዳ ሲገፋ ቢውል ምን ያህል ሥራ ሠራ የሚል ነበር። መልሱ «ምንም» ነው፤ ኃይል ቢኖርም ግድግዳው ቦታውን ካልለቀቀ በፊዚክስ ሥራ የለም። ተማሪዎቿ ግን አዝነውለት «በጣም ብዙ» ብለው ጽፈዋል። አንዱማ «ሰውየው ሐኪም ዘንድ ይወሰድ» ብሎ ነበር። መምህርቷ በቀይ እየሰረዘች፣ ሬዲዮውን ከፍ አድርጋ፣ ዓለምን ረስታ ተቀመጠች።

ባሏ በዚህ መሃል ቁም ሣጥኑን እያንፏቀቀ ከግድግዳ አላቆ እስከ መኝታ ቤቱ በር አድርሶት ነበር። ቁም ሣጥኑ ግማሽ አካሉን ወደ ኮሪደሩ አወጣና በሩን እንደ ቡሽ ወትፎ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ውስጥ ቀረ። ደፉ ይዞት ነው ብሎ ትከሻውን ሰጠና ይገፋ ጀመር።

አማቱ ደግሞ ልክ በዚያች ሰዓት ከክፍላቸው ወጡ። ያዩት ነገር ቢኖር ሰው የሌለበት ቁም ሣጥን እየተንቀጠቀጠ ወደ እሳቸው ሲመጣ ነው። ሊወድቅ ነው አሉ። ሌላ ሴት ብትሆን ትሮጥ ነበር፤ እሳቸው ግን በሥራ ዘመናቸው ከምንም ነገር ሮጠው አያውቁም። ዞረው ጀርባቸውን ለጠፉበት፣ እግራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉና ወደ ኋላ ገፉት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር አሳዛኝ ነው። አማች ከውስጥ ይገፋል፣ አማት ከውጭ ይገፋሉ። እሱ የእሳቸውን ማቃሰት ሲሰማ እንጨቱ ሲላላ ነው ብሎ ይበረታል። እሳቸውም የእሱን ሲሰሙ እንጨቱ ሊወድቅ ሲጮኽ ነው ብለው ይጠነክራሉ። ላብ በላብ ሆኑ፤ ቁም ሣጥኑ የፀጉር ያህል አልተነቃነቀም።

መምህርቷ የሬዲዮው ዘፈን ሲያልቅ ድምፁን ሰማችና እስክሪብቶዋን እንደያዘች መጣች። እናቷ ሻሻቸው ተፈትቶ፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ ቆመዋል።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«አትጠጊ። ይዤዋለሁ» አሉ በተቆራረጠ ትንፋሽ።

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ የባሏ ድምፅ «እዚያ ጋ ማን ነው የያዘው?» ሲል ተሰማ።

መምህርቷ ነገሩ ሲገባት ሣቋ አሸነፋትና ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለች። እዚያ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። መምህር ናትና አላስቻላትም፤ እንባዋን እየጠረገች ማስረዳት ጀመረች። ሁለት እኩል ኃይሎች ፊት ለፊት ሲጋጠሙ ይጠፋፋሉ፣ ከተጠፋፉ ዕቃው አይሄድም፣ ዕቃው ካልሄደ ደግሞ ሥራ የለም አለች።

«ስለዚህ ሁለታችሁም እስካሁን ምንም አልሠራችሁም።»

ከበሩ ጀርባ አንድ ቀጭን ድምፅ «ምንም?» ብሎ ጠየቀ። እናትየዋ ቀስ ብለው ከቁም ሣጥኑ ተላቀቁና ወገባቸውን ይዘው ልጃቸውን አዩአት።

«አንቺን ስወልድ ሌሊቱን ሙሉ ስገፋ ነው ያደርኩት። ያም ምንም ነበር በይኛ።»

«እሱ ይለያል፤ በመጨረሻ እኮ ወጥቻለሁ» አለች ልጅ።

«እስክትወጣ የገፉት ግን አልተቆጠረልዎትም፣ እማማ» አለ ሰዓት ሠሪው ከውስጥ።

አማቱ ወደ ድምፁ ዞሩ። ከመጡ ጀምሮ ከዚህ ልጅ አፍ ቁም ነገር ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ወንበር ስበው ከቁም ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጡና «ትከሻህን አመመህ፣ ልጄ?» አሉት። አዎ አለ። እሳቸውም ወገባቸውን እንዳመማቸው ነገሩት። እንዲህ እንዲህ እየተባባሉ በእንጨት አሻግረው ወሬ ጀመሩ። ከዚያም በአንድ ቃል አደሙ። ምንም ካልሠሩ ቀሪውን ደግሞ ሥራ የምታውቀው ትሥራው። ሰዓት ሠሪው አልጋው ላይ ጋደም አለ፤ አማቱም ሻይ ቀድተው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

መምህርቷ እልህ ያዛት። የቁም ሣጥኑ ችግር ሰበቃ ነው አለች፤ እግሩና ወለሉ ሲፋተጉ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ይለስልስ። ፈሳሽ ሳሙና አምጥታ የኮሪደሩን ወለል ቀባችው። ከዚያ ፊት ለፊት ቆማ ቁም ሣጥኑን በሁለት ጎኑ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበች። ሳሙናው ግን የቆመችበትንም ቦታ ይጨምር ነበር። ቁም ሣጥኑ ወደ እሷ መምጣቱን ትቶ እሷ ወደ ቁም ሣጥኑ ተንሸራታ ሄደችና በአፍንጫዋ ሳመችው።

እናቷ ሻያቸውን ፉት አሉ። «አሁን ሥራ ተሠራ። ርቀት አየሁ።»

ከውስጥ የአልጋው ሽቦ በሣቅ ሲንጫጫ ተሰማ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ የአድማው ችግር ታየ። ሰዓት ሠሪው ራበው። ሚስቱ ወንበር ላይ ወጥታ፣ የቀላውን አፍንጫዋን እያሻሸች፣ በቁም ሣጥኑና በመቃኑ መሃል ባለው ክፍተት በላይ በኩል ዳቦና እንቁላል አቀበለችው። እሱም ሳህኑን እየተቀበለ፣ ይህ ከታች ወደ ላይ ስለተነሣ ሥራ ይባል እንደሆነ በትሕትና ጠየቃት። ይባላል አለች፣ ጥርሷን ነክሳ። ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ይቅርታ ጠየቀች። ሥራ የሚለው ቃል በመጽሐፉ ሌላ፣ በቤት ሌላ እንደሆነ፣ እነሱም እንደደከሙ፣ ድካማቸውንም እንዳየች ተናገረች። ባሏ እያኘከ ይቅር አላት። እናቷ ሻያቸውን እስኪጨርሱ አቆዩአትና እሳቸውም ይቅር አሉ።

ሦስቱም ተነሡ። መምህርቷ መሃሉን ሳይሆን አንድ ጫፉን ብቻ ብትገፋው ይዞራል አለችው ለባሏ። እናቷ ጎንበስ ብለው መቃኑን ዳሰሱና በሙያ ድምፅ «በትከሻው ነው የመጣው» አሉ። «ልጄ፣ አሁን አትግፋ። በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ ልቀቅ። ስነግርህ ብቻ።»

ሰዓት ሠሪው ታዘዘ። ሲተነፍስ ኮሪደሩ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አሁን።»

ጫፉን ገፋ፤ ሚስቱ ከውጭ ምንጣፍ ላይ ቆማ ሳበች፤ ቁም ሣጥኑ ትከሻውን አዞረና ከበሩ ተፈልቅቆ ወጣ። ሳሙናውን ማንም አላስታወሰውም። መምህርቷ ዘላ ከፊቱ ዞር አለች። ያ ተራራ የሚያክል ዕቃ እንደ ጀልባ ኮሪደሩን ሰንጥቆ ሄዶ፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ገጭ ብሎ ተቀመጠ። ከኋላው ሰዓት ሠሪው ከእነ ሳህኑ ብቅ አለ።

«ወንድ ነው» አሉ አዋላጇ።

ሣቁ ሳይበርድ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከአድማው ጀምሮ ሻይ ሲጠጡ የቆዩት እሳቸው ናቸው፣ የተዘጋውም በር ያ በር ነው። ማንም ምንም አላስረዳም። ሦስቱ በአንድ ጎን ተሰለፉ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፉ፤ ቁም ሣጥኑም እንደ ላባ ቀሎ በአማትየዋ ክፍል በር ገብቶ ጥጉን ያዘ። አማትየዋ ግን ሲገባ አላዩትም፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ገና በግማሽ ሲከፈት ገብተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አማትና አማች አይለያዩም። ማታ ማታ እሱ የተፈቱ ሰዓቶችን ያሳያቸዋል፣ እሳቸው ጥርሶቹን በስስ ጣታቸው ያቀብሉታል፤ ስለ እጁም ለጎረቤት ሁሉ ያወራሉ። ቁም ሣጥኑ ክፍላቸው ውስጥ ነው። በጥድፊያ የገባ በመሆኑ ግን በሮቹ ወደ ግድግዳው ዞረው ቀርተዋል። አዙሩት ያለ እስካሁን የለም። እሳቸውም ልብሳቸውን ከሻንጣ እያወጡ ይለብሳሉ።