ሙርሺዳ ጥይት ስትመርጥ

እና ዘጠኝ ሚሊ ይላል ጣሃ፣ አርባ አምስት ይላል አብዱልመጂድ፣ ከጁምዓ የሚወጣው ሰው ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው፣ ለሙርሺዳ የሚሆነውን ጥይት ከሙርሺዳ በላይ የማያውቅ የለም፣ እሷ ግን ይኸው ቆማለች፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐዩ ደስ ይላል፣ ከዲፕስሉት ሠፈር ወጣ ብሎ ባለው የተኩስ መለማመጃ፣ የጆሮ መከላከያውን ከሂጃቧ በላይ ነው ከሂጃቧ ሥር የማደርገው ስትል ቆይታ ከላይ አድርጋው፣ ሁለት ሲኒ ጆሮዋ ላይ የተደፋባት ትመስላለች፣ ጉንጯ ተጨምቆ ወደፊት ወጥቷል፣ አብዱልመጂድ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሷል፣ ሃያ ዓመት አብሯት ኖሮ ሳቁን መደበቅ ዛሬም አልቻለበትም፣ ሳቅ፣ ሳቅ እንጂ፣ ማን ከለከለህ።

ስለ ዋጋው አታስቢ እታለም። ጣሃ ነው እንዲህ ያላት፣ ታናሽ ወንድሟ፣ ከአገር ያስመጣችው እሷ፣ መጀመሪያ የሠራው ኦሬንጅ ፋርም ሠፈር ባለው ሱቋ ውስጥ ዳቦ እየደረደረ፣ ዛሬ መሃል ከተማ ዱርንፎንቴን ላይ መጋዘን ያለው ጅምላ ሻጭ ሆኖ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት ነው የሚያወራት፣ የፈለግሽውን ሽጉጥ ምረጪ፣ ከፋዩ እኔ ነኝ፣ ነፃ ነሽ፣ ብቻ ዘጠኝ ሚሊ ይሁን። ታዲያ ነፃነቴ ምኑ ላይ ነው አንተ ልጅ?

ዋጋውን እርሺው ተብላ እኮ አታውቅም። ሱቅ ስትከራይ ርካሹን፣ ፍሪጅ ስትገዛ አሮጌውን፣ የሠርግ ቀሚሷ እንኳ የጓደኛዋ የዛሂራ ነበር፣ በመርፌ ቁልፍ ከኋላ ጠብቦላት፣ አሁን በዚህ ዕድሜዋ ዋጋ ሳትጠይቅ እንድትመርጥ የተሰጣት ነገር ሽጉጥ፣ ያ አላህ፣ ወርቅ ቢሆን ምን ነበረበት።

ወርቅ ግን እጅ አያረጋጋም። እጇን ታያለች። ይኸው፣ አሁንም፣ ትንሽ ትንሽ፣ እንደ ቅጠል።

የተዘረፈችው በጠራራ ፀሐይ ነበር፣ ሰው መጣ ስትል ሳዉቦና ብላዋለች፣ እሷው ናት ቀድማ ሰላም ያለችው፣ ዳቦ በሚያልፍበት የብረት ፍርግርጉ ክፍተት ዳቦ ልታቀብል ጎንበስ ስትል ከወዲያ የገባው እጅ አልነበረም፣ ቀዳዳ ነበር፣ ጥቁር፣ ክብ፣ የሻይ ኩባያ የሚያክል፣ ከዚያ ወዲያ ያየችው የለም፣ መልኩን አላየችም፣ ክሳቱን ብቻ፣ ቀጭን ልጅ ነበር፣ የገንዘቡን ሳጥን ሰጠችው ሄደ። ፖሊሱ ደግሞ፣ በዚያ በመንግሥት ቋንቋው፣ ተጠርጣሪው ይዞት የነበረው የጦር መሣሪያ ዓይነትና መጠን ምን እንደሆነ ይግለጹ እመቤት፣ ትልቅ፣ አለችው፣ ትልቅ ስንል ምን ያህል ነው እመቤት፣ እንዲህ፣ ብላ በሁለት እጇ አሳየችው፣ እንዲያ ከሆነማ መድፍ ነው ብሎ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ እጇ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አይስቅም፣ ስኳር በትናንሽ ፌስታል ስትሰፍር ጠረጴዛው ላይ ይበተናል፣ ደንበኞቿ አይተው ዝም ይላሉ፣ ሴቶቹ በተለይ፣ እነዚያ ሴቶች፣ የዚያን ቀን ከየቤታቸው ወጥተው ሱቁን ከበው የተቀመጡላት፣ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧት፣ አብዱልመጂድ እስኪመጣ አንዷ እንኳ ንቅንቅ አላለችም፣ ልጅ ያዘለችው ጭምር። እነሱን ትቼ የት ነው የምሄደው?

ዱርንፎንቴን፣ ይላል አብዱልመጂድ፣ ከጣሃ መጋዘን ጀርባ፣ ዘበኛ ባለበት፣ ሱቁን ምሕረቱ ይግዛው። ምሕረቱ ጥሩ ሰው ነው፣ ከነጋ ስንቴ ደወለ፣ ምን ወሰናችሁ፣ ዛሬ መልስ ቃል ተገብቶለታል። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቁበት፣ በመጨረሻ አብዱ ደክሞት፣ እሺ፣ ሽጉጥ ይዘሽ እጅሽ ከጸና እንቆያለን፣ ካልጸና ግን ሙርሺ፣ ካልጸና እለምንሻለሁ፣ አላት። እለምንሻለሁ ባይላት ይሻል ነበር። ስትቆጣው ነው የሚቀላት።

ሲሲ፣ እህቴ፣ ነይ ቅረቢ፣ ትላለች አሠልጣኟ። ኖምፉንዶ ትባላለች፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጇ ላይ ዶቃ ያላት፣ ለመሣሪያ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ትምህርት ያስተማረቻትም እሷው ናት፣ ዛሬ ደግሞ ከክለቡ መሣሪያ ሁሉንም ሞክሪና የሚስማማሽን እወቂ ብላ ጠርታታለች። ሽጉጦቹን ባዶ አድርጋ፣ ሆዳቸውን ከፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኝታቸዋለች፣ እዪ፣ አትንኪ፣ መጀመሪያ እዪ ብቻ። ሙርሺዳ ከጎን ታያለች። ቀዳዳዎቹን። ይሄ አርባ አምስት ነው፣ ይሄ ዘጠኝ፣ ይሄ ሠላሳ ስምንት፣ ሆዱ የሚሽከረከረው፣ ይሄ ሃያ ሁለት፣ እና ሁሉም፣ ቆይ፣ ሁሉም ትንንሽ ናቸው፣ ትልቁ ሽምብራ ነው፣ ትንሹ ምስር ነው፣ የሻይ ኩባያ የሚያክል የታለ? ከዚህ የሚበልጥ የለም? ትጠይቃለች። ለሰው እጅ የሚሆን? የለም ሲሲ። ሽምብራ። ሌሊት ሌሊት የሚያባንናት ሽምብራ ኖሯል፣ ሳቅ ሊያመልጣት ነው፣ አብዱ ይሰማል፣ ምን ያስቅሻል፣ ምንም፣ ምንም።

አርባ አምስቱን ስጧት፣ ይላል አብዱልመጂድ፣ ትልቁን፣ አንድ ጊዜ ከጮኸ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማል። ቢስሚላህ። ይከብዳል፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አይ፣ ከዚያም በላይ፣ ቃታውን በጣቷ ትፈልገዋለች፣ አገኘችው፣ ሳበች፣ ምድር ከሥሯ የተነሳች መሰላት፣ እጇ ወደ ሰማይ፣ ቀለሁ ሲፈናጠር አየችው፣ ዒላማው ወረቀት ላይ ግን ምንም፣ ንጹሕ ነው፣ እንደገና፣ መሬቱ አቧራ ተፋ፣ ጥሩ ነው ጥሩ ነው ይላል አብዱ፣ ምኑ ነው ጥሩ፣ ኖምፉንዶ ሽጉጡን ተቀብላ ጀርባዋን ሰጥታ ታጎርሳለች፣ ትመልስላታለች፣ በይ ድገሚ፣ ሳበች፣ ቀጭ። ድምፅ የለም። እሳት የለም። የሽጉጡ አፍ ግን ወደ መሬት ወረደ፣ እንደ ዶማ፣ እሷ ናት ያወረደችው፣ ሌላ ማንም አልነካውም።

አየሽው ሲሲ? ያጎረስኩት የውሸት ጥይት ነው፣ ባሩድ የለውም። ምንም አልተተኮሰም፣ እጅሽ ግን ደነገጠ። ሽጉጡ አይደለም ያስደነገጠሽ፣ ቀድመሽ ነው የደነገጥሽው።

ቀድሜ ነው የደነገጥኩት። እንዴት ያለ ነገር ተናገረች ይቺ ሴት። በር ሲንኳኳ ቀድሜ፣ ጥላ ሲያልፍ ቀድሜ፣ ዳቦ የሚገዛ ሕፃን እጁን ሲያስገባ ቀድሜ፣ ያልተተኮሰ ጥይት ስሸሽ ከረምኩ ማለት ነው፣ እና ይሄ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ማሳዘን ሲገባው ደስ ይላል፣ የሚያም ቦታዋን ሐኪም በጣቱ አግኝቶ እዚህ ጋ ነው? ያላት ያህል፣ አዎ፣ እዚህ ጋ ነው።

ሠላሳ ስምንቱ ትንሽ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ የሴት ነው ይላሉ፣ የትኛዋ ሴት? መዳፏን ነከሳት፣ አንዴ ተኩሳ አስቀመጠችው፣ ውሰጂልኝ ይሄን ክፉ። ኖምፉንዶ ትስቃለች፣ ያነሰ ሽጉጥ ያነሰ ይመታል ያለሽ ማነው፣ የሚያርፍበት ሥጋ ስለሌለው እኮ ምቱን ላንቺ ነው የሚሰጠው።

ከዚያ ሃያ ሁለቱ። ወይ ሃያ ሁለት! ጠስ፣ እንደ ፈንዲሻ፣ ጠስ ጠስ፣ እጇ ላይ የቀረ ነገር የለም፣ ወረቀቱ ላይ ግን፣ እዩት፣ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ነጥቦች፣ አሠልጣኟ የውሸቷን ጥይት መሃል ብትከትባትም ቀጭ ብሎ ዝም፣ አፉ አልወረደም፣ ሀይቦ! ትላለች ኖምፉንዶ፣ ሀይቦ ሲሲ፣ የት ተምረሽ ነው? አብዱልመጂድ ሊያይ ይጠጋል፣ ዓይኑን ያሻል፣ ሙርሺ ይሄ ያንቺ ነው? የማን ይሁን ታዲያ፣ የጎረቤት? ደስታው ከሆዷ ነው የሚነሳው፣ ልጅ ሆና ገመድ የዘለለች ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህ እጇ ላዘዘችው ነገር ሁሉ እንዲህ እሺ ብሎ አያውቅም፣ ይሄን ነው የምፈልገው፣ ዋጋ ካልታሰበ ይሄን፣ ጣሃ ይክፈል፣ ጥይቱንም ሣጥን ሙሉ ይክፈል፣ ምሽት ምሽት ስጠስጥስ ልኑር።

ለልምምድ ግሩም ነው፣ ትላለች ኖምፉንዶ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ የዘመድ ድምፅ ሆኖ፣ ለመጣሽበት ጉዳይ ግን እምነት አይጣልበትም፣ አንዳንዴ አይጮኽም፣ ቢጮኽም አያቆምም።

አያቆምም። እሱ ነው ቃሉ። ማንን? ያን ቀጭን ልጅ? ልትመታው ትፈልጋለች? በሐቅ፣ ለራሷ፣ ማንም ሳይሰማት፣ አትፈልግም። እናት አለችው፣ ምናልባት እናቱ ከእሷ ዳቦ ትገዛለች። አላህ አያድርስ፣ ሽጉጡ ተቆልፎበት ይዛግ፣ አንድ ቀንም አይውጣ። ግን ያ ልጅ እንደገና ቢመጣ፣ ከጀርባዋ መጋረጃ ውስጥ ልጅ ያዘለችዋ ሴት ተቀምጣ ቢሆን፣ ያኔስ? ያኔ ሙርሺዳ መኖር አለባት፣ ቆማ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ ከክሳቱ አልፎ መልኩን አይታ። ይሄን ታውቃለች። ዘጠኙን ስጪኝ።

ዘጠኙ ሙሉ ሽጉጥ ነው፣ ትንሽ አይደለም፣ እጀታው መዳፏን ይሞላል፣ ክብደቱ እንደ ሠላሳ ስምንቱ አይሳደብም፣ እንደ አርባ አምስቱ አይፎክርም፣ ተንፍሺ ሲሲ፣ ግማሹን አውጪ፣ ግማሹን ያዢ፣ ጣትሽን ብቻ፣ ሌላው ሰውነትሽ ቤቱ ይቀመጥ፣ ተኮሰች፣ ገፋት፣ ገፋት እንጂ አልወረወራትም፣ እንደ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትከሻ፣ ተመለሰች፣ ተኮሰች፣ ወረቀቱ ሰፋ ብሎ ተበሳ፣ የሃያ ሁለቱን ያህል አይተዋወቁም ግን ጎረቤት ናቸው፣ ተኮሰች፣ ተኮሰች፣ ቀጭ።

ዝም።

አፉ የት ነው? ወደፊት። ቀጥ ብሎ። አልወረደም። ታየዋለች፣ እጇን ታየዋለች፣ እጇ፣ ያ እጅ፣ ስኳር የሚበትነው፣ ቀጥ ብሏል፣ የሌላ ሴት እጅ አይደለም፣ የሂና ቅሪቱ ጥፍሯ ላይ አለ፣ አልሃምዱሊላህ፣ ጮኸች መሰለኝ፣ ጮኻለች፣ በሩቅ የሚተኩሱት ሰዎች ዞረው አዩ፣ ኖምፉንዶ ቀስ ብላ ሽጉጡን ተቀብላ ባዶ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከዚያ ነው የምታቅፋት፣ መጀመሪያ ሽጉጥ ቀጥሎ ደስታ እያለች፣ ዶቃው ጉንጯን ቆረቆራት፣ ይቆርቁር።

እስቲ እኔ ልሞክር፣ ይላል አብዱልመጂድ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ አርባ አምስቱን፣ የወንዱን። ኖምፉንዶ ጀርባዋን ሰጥታ ታጎርሳለች። ሙርሺዳን በአንድ ዓይኗ ታያታለች። ወይኔ፣ የውሸቱን ልትሰጠው ነው፣ አትናገሪ፣ ዝም በይ፣ አብዱ እግሩን አንፈራጦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አነጣጠረ፣ ቀጭ፣ እና እንዴት ያለ መውረድ፣ ጉድጓድ ሊቆፍር የመጣ ይመስላል፣ ዶማ ሳይሆን ግሬደር፣ ሙርሺዳ ጠረጴዛውን ይዛ ነው የምትስቀው፣ እንባዋ ይወርዳል፣ እሱም ሽጉጡን አስቀምጦ መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቀ፣ አብረው ሳቁ፣ ከዚያች ከዘረፋዋ ቀን ወዲህ አብረው ስቀው ያውቃሉ? እና መሃል ላይ፣ ሳቁ ሳይበርድ፣ እኔም እኮ ነኝ ሙርሺ፣ አላት፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር አንቺ የሞትሽ ይመስለኛል። ብቻሽን የፈራሽ እንዳይመስልሽ።

ኧረ አንተ ሰውዬ። እንዲህ አትለኝም ነበር? እለምንሻለሁ ከምትለኝ?

እጁን ያዘችው። ዘጠኝ ነው፣ አለችው፣ ዘጠኝ ይሁን፣ ጣሃ ዓመት ሙሉ ይፎክርብኛል፣ ይፎክር፣ ያንን ሃያ ሁለቱንም ጨምርልኝ እለዋለሁ፣ ለደስታዬ፣ ዋጋውን እርሺው ያለ እሱ አይደል። አንተም ተለማመድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንመጣለን። አብዱልመጂድ እጁን ኪሱ ከቶ ስልኩን አወጣ። የመሣሪያ ፈቃዱ እስኪመጣ ገና ብዙ ወራት ነው እኮ፣ እስከዚያስ? እስከዚያ ሴቶቹ አሉ፣ አለችው፣ እኔም አለሁ። ራሱን ነቀነቀ። ደወለ።

ሃሎ ምሕረቱ፣ እንዴት አደርክ ወንድሜ፣ ስለ ሱቁ ነበር፣ ይቅርታ አድርግልን፣ አንሸጥም። አይ፣ ሌላ ገዢ አልመጣም። ኧረ ዋጋውም አይደለም። ሙርሺዳ ናት። ተኩሳ ነው። ምን? አይ፣ አይ፣ ማንንም አይደለም፣ ወረቀት ነው ምሕረቱ፣ ወረቀት! ኧረ ዝግ በል፣ ሆስፒታል የሚያስፈልገው ሰው የለም!

ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያየዋል፣ ምሕረቱ ከወዲያ እየጮኸ ነው፣ ሙርሺዳ ሆዷን ይዛለች፣ ስጠኝ፣ ስጠኝ እኔ ላናግረው፣ አንተ ሰው ልትገድል ነው በድንጋጤ፣ መከላከያውን ከጆሮዋ ገፍታ ስልኩን ነጠቀችው፣ ሃሎ፣ እኔ ነኝ ምሕረቱ፣ ደህና ነኝ፣ ወላሂ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም፣ ነገ በጠዋት ሱቄ ነኝ፣ ና፣ ሻይ አለ።