የኤሊው ጣሳ

ሉሉ ከመተማ ሱዳን እስካለው የኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ አንድ ኤሊ በነጠላ ጠቅልላ ስታመጣ እናቷ ደብሪቱ አልከለከለቻትም። በዚያ የረሃብ ዓመት ልጅቷ ከአገር ይዛ የወጣችው ሌላ ነገር አልነበረም። ደንብ ግን አወጣችላት።

"ከጎጆ ውጭ፣ በግማሽ በርሜል ውስጥ ይኖራል። ኩሱን ጧት ጧት ትጠርጊያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ አሸዋውን ደፍተሽ በርሜሉን ፀሐይ ታስመቺያለሽ። እጅሽን በአመድ ሳትታጠቢ ወንድምሽን እንዳትነኪው።"

ወንድሟ አስናቀው ገና ሁለት ዓመቱ ነው።

ጎረቤታቸው ዘሐራ ሳቀች። "አንቺ ደብሬ፣ አሥረኛ ክፍል የደረስሽው የኤሊ ቤት ለማስጠረግ ነው? እሱስ ከሁላችንም ይሻላል፤ ቤቱን ትቶ አልተሰደደም።"

"ሳቂ አንቺ! ከታችኛው ረድፍ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ሕፃን በተቅማጥ ተቀብሯል።"

ቅዳሜ ሉሉ አሸዋውን ልትለውጥ የኤሊውን ውሃ አውጥታ ደጃፉ ላይ አኖረችው። በመጠለያው ሁሉም የሚጠጣው ከእርዳታ ዘይት ጣሳ ነው፤ የኤሊውም ማጠጫ ያው ጣሳ ነበር። አስናቀው አንስቶ ጠጣ። ደብሪቱ ስትደርስ ከንፈሩ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ አየች።

አፉን በእጇ ጠረገች። አጠገቡ ቁጭ አለች። መገነዣ የሚሆነው የትኛው ነጠላ እንደሆነ አሰበች፤ ያለው ኤሊው የመጣበት ብቻ ነበር።

ውሃ አፈላች። ስኳርና ጨው አዘጋጅታ አጠገቧ አስቀመጠች። ልጁ በተጸዳዳ ቁጥር ጎንበስ ብላ መረመረች።

"እማዬ፣ ኤሊውን ልጣለው?" አለች ሉሉ በማግስቱ፣ ዓይኗ አብጦ።

"ብትጥይው የተጠጣውን አያወጣውም። ይልቅ በርሜሉን እጠቢ።"

በአራተኛው ቀን ጧት አስናቀው የሱዳኑን የማሽላ ቂጣ፣ ኪስራ አምጡ ብሎ አለቀሰ። በልቶም ሊጸዳዳ ወጣ።

"ዘሐራ! ነይ እዪ! ኩሱ ጠንካራ ነው!" ደብሪቱ እልል አለች።

ዘሐራ መጥታ አየች። "አልሐምዱሊላህ። ለኩስ እልል የምትል ሴት ዛሬ ገና አየሁ።"

ደብሪቱ የኤሊውን ጣሳ በድንጋይ ቀጥቅጣ ጣለችው። ከተሰበረ እንስራ ሰፋ ያለ ገል መርጣ በአመድ ፈተገችና ለኤሊው ማጠጫ እንዲሆን አሸዋው ውስጥ እስከ አፉ ቀበረችለት።

"አሁንስ ከገል ማን ይጠጣል፣ እማዬ?"

"ወንድምሽ" አለችና በርሜሉን የምትከድንበት እሾህ ፍለጋ ወጣች።