የተቸነከረው ዓሣ

ወለንጪቲዎች ናዝሬት ድረስ የመጡት ለማይክሮስኮፕ ነው። ትምህርት ቤታቸው አንድም የለውም፤ በሳይንስ ጥያቄና መልስ ውድድሩ አንደኛ የወጣ ደግሞ በሳጥን የታሸገ አዲስ ማይክሮስኮፕ ይሸለማል ተብሏል። በዚያ በአብዮት በዓል ሰሞን የናዝሬት አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። የወለንጪቲና የናዝሬት ትምህርት ቤቶች እኩል ነጥብ ይዘው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ።

ጥያቄው ሳንቃ ላይ ተቸንክሯል። ከአሰብ በከባድ መኪና የመጣ፣ ሰፌድ የሚያህል የደረቀ የባሕር እንስሳ ነው፤ አለንጋ የመሰለው ጅራቱ ላይ መርዘኛ እሾህ አለው። «ስቲንግሬይ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ከየትኛው ወገን ይመደባል?» አሉ ዳኛው፣ መምህር ገሠሠ።

የናዝሬቱ መርዳሳ ቀድሞ ተነሣ። ልጁ ሲናገር ያምርበታል። «አጥንት ካላቸው ዓሦች ወገን ነው፤ አሸዋ ላይ በጎኑ የሚተኛ ጠፍጣፋ ዓሣ» አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

የወለንጪቲዋ ዙለይካ ቆመች። «ዓሣስ ዓሣ ነው፤ ግን የሻርክ ዘመድ ነው። አጥንት የለውም። አካሉን የያዘው እንደ ጆሯችን ያለ ልም አጥንት ነው።»

ሳቅ! ያውም ምን ዓይነት ሳቅ! «ሰፌዱ ሻርክ ሆነና አረፈው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ማስረጃሽ?» አሉ ዳኛው።

«ሆዱ በኩል ነው። ይነቀልና ይገልበጥ።»

የናዝሬቷ መምህርት ተሻለች ብድግ አሉ። «ይሰበራል! የሕዝብ ንብረት ነው!»

ዳኛው ትንሽ አሰቡና፣ «ይገልበጥ። ማስረጃው ከሌለ ግን ወለንጪቲ ከውድድሩ ትወጣለች» ብለው ቆረጡ።

ዙለይካ መምህሯን ኃይለየሱስን አየቻቸው። እሳቸው ወለሉን ያያሉ። በጣም ፈራች። «ይነቀል» አለች።

ምስማሮቹ በጉጠት ወጡ። እንስሳው ሲገለበጥ ነጣ ያለ ሆዱ ላይ አፉ፣ ከአፉ በታች በግራና በቀኝ በምላጭ የተበጡ የሚመስሉ ስንጥቆች ታዩ።

«የዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ያጠበ ሁሉ ያውቃል፤ በየጎኑ የመተንፈሻው፣ የስንጥቡ፣ አንድ ክዳን ነው ያለው» አለች ዙለይካ። ጣቷ ስንጥቆቹ ላይ ነው። «ይሄ ክዳን የለውም። እንደ ሻርክ በየጎኑ አምስት ስንጥቅ ነው። ቁጠሩት!»

ጎንበስ ብሎ የቆጠረው መርዳሳ ራሱ ነው። አንድ ሲል አዳራሹ ተቀበለው፤ አምስት ሲል ጣራው ሊነሣ ደረሰ። «ረታሽኝ!» ብሎ እየሳቀ እጁን ዘረጋላት።

ወደ ወለንጪቲ ሲመለሱ ሳጥኑ ዙለይካ ጭን ላይ ነበር። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢል አውቶቡሱ በሙሉ ጮኸበት።

«ያን ያህል የደፈርሽው ምን ተማምነሽ ነው?» አሏት መምህር ኃይለየሱስ።

«እርስዎ ሰሌዳ ላይ የሳሉትን ነዋ፣ ቲቸር። በየጎኑ አምስት አድርገው ነው የሳሉት።»

መምህሩ ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። «እኔ እኮ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተጠራጥሬ ነበር፤ ተሳስቼ ስዬ ቢሆንስ ብዬ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔ ፈርቼ ነበር እንጂ አልተጠራጠርኩም።»

ኃይለየሱስ እንደ ልጅ እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ።