አሥራ አንድ ጥቅል

«አቶ ካርቶን» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የድሮ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ባዶ ካርቶን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም ነበር፤ ትንሹን በትልቁ፣ ትልቁን ከእሱ በባሰው ይከታል። ጡረታ ሲወጣ አመሉን ይዞ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ አንዲት ትንሽ ድስት በፈለገች ቁጥር አምስት ድስት ማውጣት አለባት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ንድፍ፣ ፎቶና የደንበኞች ልኬት ያለው በሱቋ ኮምፒውተር ውስጥ ሲሆን፣ መጠባበቂያ ቅጂውን በየሳምንቱ ወደ አንዲት ዲስክ የሚገለብጠው እሱ ነው። ታዲያ ዲስኳ ሞላች። ሚስቱ ሌላ እንግዛ አለች። እሱ ግን ፋይሎቹን ትንሽ ቦታ እንዲይዙ መጭመቅ እየተቻለ ሌላ ዕቃ መግዛት ነውር ነው ብሎ ድርቅ አለ።

«ልብስ እንኳ ታጥፎ ሲከርም ይጨማደዳል» አለችው። «ልኬቴ ተጨምቆ ሲመለስ ሰው ሊገባበት ነው?»

አንዲት ቁጥር እንደማትጎድል ምሎ ተገዝቶ አሳመናት። እውነቱን ነው፤ መጭመቅ ቁጥር አያጎድልም። ችግሩ እጁ አላርፍ ማለቱ ነው። የመጀመሪያው ጭመቃ ሲሶውን ቦታ ሲያተርፍለት ልቡ ወለል አለና የተጨመቀውን መልሶ ጨመቀው። ሁለተኛው እዚህ ግባ የሚባል ነገር አላተረፈም። አምስተኛው ላይ ፋይሉ ጭራሽ ትንሽ ወፈረ። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ እሱ ግን እልህ ይዞት አሥራ አንድ አደረሰው። ከዚያ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች አጠፋና እግሩን ዘርግቶ ተኛ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሐሙስ ጠዋት የሱቁ ኮምፒውተር ጭስ ተፍቶ ሞተ። ያውም የቆዩ ደንበኛዋ፣ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ የጡረታ መሸኛ ቀሚሳቸው ሊቆረጥ ጨርቁ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ። መሸኛው ቅዳሜ ነው። ዳይሬክተሯ ደግሞ ሜትር አያስጠጉም፤ ከስድስት ዓመት በፊት አንዴ ተለክተዋል፣ በቃ። ሚስትየዋ በዓይኗ እየለካች በየጊዜው ስታሰፋላቸው፣ እሳቸው ቀሚሱ ልክክ ባለ ቁጥር «አላልኩሽም? ያው ነኝ» ይላሉ። ያቺ በዓይን የተያዘች ልኬት ከዲስኳ በቀር የትም የለችም። እሳቸውን ማጣት ደግሞ የትምህርት ቤቱን መምህራን በሙሉ ማጣት ነው።

አቶ ካርቶን የራሱን ላፕቶፕ አምጥቶ መፍታት ጀመረ። ሁለተኛው ጥቅል ላይ ሳለ ዳይሬክተሯ ስለ ቀሚሱ ሊጠይቁ ገቡና አጠገቡ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሦስተኛው ላይ ምን እንደሚሠራ ጠየቁት፤ አስረዳ። አምስተኛው ላይ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቁት፤ ስድስተኛውን መፍታት ጀመረ። ከሰባተኛው በኋላ እሳቸው ራሳቸው ይቆጥሩ ጀመር። ሚስቱ መቀሷን ይዛ ከጀርባው ቆማለች፤ ዓይኗ የሚለውን እዚህ መጻፍ ይከብዳል።

አሥራ አንደኛው ተፈታ። አንድም ቁጥር አልጎደለም። በደስታ ሰክሮ ስክሪኑን ወደ ዳይሬክተሯ አዞረው።

ሰንጠረዡ ሁለት ዓምድ አለው። አንደኛው «ለእሳቸው የሚነገር»፣ ሁለተኛው «እውነቱ» ይላል። ወገብ፦ ሰባ ስምንት፤ ዘጠና ሰባት።

አቶ ካርቶን ካርቶን መደርደር እንጂ ውስጡን ማየት ልማዱ አልነበረምና ይህን ገና አሁን ማየቱ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሚስቱ በመርፌ ያቆመችውን ሱቅ በአንድ ጣት ያፈረሰ መሰለው፤ ከማፈሩ ይልቅ ለእሷ አዘነ።

ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ቁጥሩ ያው ነው።

«ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስትሠሪልኝ ኖርሽ?»

«ደስ ብሎዎት ሲወጡ ማየት እወድ ነበር፣ እትዬ» አለች ሚስቱ።

ዳይሬክተሯ ወደ ባልየው ዞሩ።

«ይኼ ነገር ሌላ ቅጂ አለው?»

«የለውም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«እንግዲያው መልሰው ይጠቅልሉት።»

አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚበቃ አሁን እንደገባው ሊነግራቸው ሲጀምር አቋረጡት።

«አሥራ ሁለት ጊዜ» አሉና ተነሥተው እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ።

ሚስትየዋ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ በወገባቸው ዙሪያ አሳለፈች። ቁጥሩን ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ቀና አለችና ጎረቤት እስኪሰማ «ሰባ ስምንት!» አለች።

«አላልኩሽም?» አሉ ዳይሬክተሯ። «ያው ነኝ።»