እንደተጻፈው አንብቢልኝ

የቡታጅራው የአማርኛ መምህር አዳነ በሃያ ሦስት ዓመት የማስተማር ዘመኑ ርዕሰ መምህርም ተቆጣጣሪም ፈርቶ አያውቅም። የሚፈራው ሰው ማስቀየም ብቻ ነበር። ይህን ፍርሃት አገሩ ይሉኝታ ይለዋል፤ ጨዋነት ነው ብሎም ያመሰግነዋል። ስንቱን ሰው ጉድ እንደሠራ ግን አንድም ቀን ቆጥሮ አያውቅም። አዳነን ጉድ የሠራው እንዲህ ነው።

አዳነ ዓይነ ስውር ነው። በአራት ዓመቱ፣ በተወለደበት በደላንታ፣ ኩፍኝ ዓይኑን ወሰደበት። አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ብሬል ተማረ፣ ዲግሪውን ያዘ፣ ቡታጅራ ተመደበ፣ አሰፋሽን እዚያው አገባና በዚያው ቀረ። አሰፋሽ የአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ናት። ደብዳቤ ይሁን የተማሪ ፈተና፣ ማስታወቂያ ይሁን ጋዜጣ፣ ብሬል ያልሆነ ወረቀት ሁሉ ወደ አዳነ የሚደርሰው በእሷ አንደበት ነበር።

ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከደላንታ በሰው እጅ ደብዳቤ መጣ። የጻፈው ወንድሙ ነው። አሰፋሽ ከፈተችውና፣ «እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ እማማም ደህና ናት፣ የአንተ ናፍቆት ብቻ ነው» ብላ አነበበችለት። አዳነ ቀኑን ሙሉ ሲያፏጭ ዋለ። ወር ሳይሞላ፣ ገና ሳይነጋ፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው በር አንኳኩ። በዚያ ሰዓት በር ላይ የቆመ ሰው ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ የለም። መርዶ ነበር። ደላንታ ሲደርስ እናቱ ከተቀበረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል፤ ወንድሙም፣ «ታማለች ብዬ ጽፌልህ ነበር እኮ፣ ደብዳቤዬ አልደረሰህም?» አለው።

አሰፋሽ አልካደችም። «ተማሪ እየፈተንክ ነበር። ፈተናው ይለፍና እነግረዋለሁ ብዬ ነው። ስታዝን ማየት አልችል ብዬ» አለች እያለቀሰች። ክፋት አልነበረባትም፤ አዳነም ይህን ስለሚያውቅ ከልቡ ይቅር አላት። ደብዳቤውን ግን ዳግመኛ አንብቢልኝ አላለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሲያነብለት፣ ከሚነበበው ቃል ይልቅ፣ ቃል ሲዘለል የምትሰማዋን ትንሽ ትንፋሽ ማዳመጥ ልማዱ ሆነ።

ይህ ሁሉ ያበቃው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ማዕዶት የምትባል የቀድሞ ተማሪው፣ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነች ልጅ፣ አሮጌ ላፕቶፕ አምጥታ አማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ጫነችለት። በሳምንቱ ከትምህርት ቢሮ አንድ መልእክት በስልኩ በኩል ደረሰውና ወደ ላፕቶፑ አስገባው። ድምፁም ያለ ርኅራኄ፣ «ያቀረቡት የትምህርት ዕድል ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም» ብሎ አነበበለት። አዳነ ሳቀ። አሰፋሽ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ምን ተገኘ ብትለው፣ «ከለከሉኝ!» አላት እየሳቀ። ክፉ ወሬ፣ ማንም ሳያጣፍጠው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ጆሮው ገብቶ ነበር።

ድምፁ ሲጀመር አንደበተ ኮልታፋ ነበር። የአረቅጥን ከተማ ስም አጣሞ፣ የቆሼን ሰባብሮ፣ ተማሪውን ዑመይርን በሌላ ሰው ስም ይጠራል። አዳነ ግን ትዕግሥት አለው። የተማሪዎቹን ስም፣ የገጠሩን የቀበሌ ስም፣ የሚጠብቀውን ቃል ከሚላላው እየለየ፣ አንድ በአንድ እያረመ አራት ዓመት አስተማረው። ማዕዶት ደግሞ በየጊዜው እየደወለች አንድ ነገር ታስጠነቅቀው ነበር፤ «ጋሼ፣ አዲስ ሲስተም ሲወጣ ሰው ሁሉ ልቀይር ልቀይር ይላል። እርስዎ እንዳይቸኩሉ። ይህ ድምፅ አዲሱን አያውቀውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ ደውዬ ተዘጋጅቷል እስክልዎ ማንም እንዳይነካብዎ።»

እሺ ብሏት ነበር። እሺ ማለት መቼ አቅቶት ያውቃል!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳላሀዲን ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ሳላሀዲን የአዳነ ተማሪ የነበረ፣ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር ወጣት ነው። «አዲሱ ሲስተም ወጥቷል» አለ። «የሁላችሁንም ላፕቶፕ አዘምናለሁ።» ርዕሰ መምህሩ ከማን እንደሚጀምር ጠየቁት፤ ከእኔ ይበል እንጂ የሚል ቅላጼ ነበረው አጠያየቃቸው። ሳላሀዲን ግን፣ «ከጋሼ አዳነ!» አለ። «ከመስቃን ገጠር መጥቼ አማርኛዬ ሲሳቅበት፣ በየጠዋቱ ጮክ ብዬ እንዳነብ አድርገው አንደበቴን የፈቱልኝ እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በፊት የማንንም አልነካም።»

ክፍሉ አጨበጨበ። አዳነ የማዕዶት ማስጠንቀቂያ ትዝ ብሎት ነበር። የእኔ ይቆይ ሊል አፉን ከፈተ። ግን ተጠቅልሎ አፍ የደረሰ ጉርሻ በሰው ፊት ይመለሳል? ደግሞ እውነቱ ይነገር፣ ልቡም ከጅሎ ነበር። ለዓይነ ስውር ሁልጊዜ የሚደርሰው ሌላው ጠግቦ የተወው ነገር ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ፊተኛ መሆን አማረው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለና ላፕቶፑን አቀበለው።

ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሥራው አለቀ። ሳላሀዲን ማሽኑን ሲያስነሳው ጥርት ያለ እንግሊዝኛ ድምፅ ወጣ። «ይኸው ይናገራል! ከድሮው ይልቅ ያምራል!» አለ። እንደገና ተጨበጨበ። ሳላሀዲን ወደ አዳነ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ካልተስማማዎ ግን ይንገሩኝ፤ አሮጌው ከነዕቃው እስከ አሥር ቀን ጥግ ይዞ ይቆያል። አንድ ቁልፍ ተጭኜ እመልስልዎታለሁ። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ራሱ ይጠፋል» አለው።

አዳነ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ የጀመረውን ፈተና ከፈተ። እንግሊዝኛው ድምፅ የፋይሉን ቁጥር ነገረው፤ አማርኛው ፊደል ላይ ሲደርስ ጸጥ አለ። ወደ ታች ወረደ፣ ጸጥ። ወደ ላይ ወጣ፣ ጸጥ። የማዕዶትን ፕሮግራም ፈለገ፤ የለም። እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። የእናቱ መርዶ የመጣ ቀን የተሰማው ሐዘን ተመለሰበት፤ ይህን ለራሱ እንኳ መናገር አሳፈረው።

ሐሙስ ዕለት ሊነግረው ሄደ። ሳላሀዲን እጁን ሳብ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ዞኑ ሰምቶ ወልቂጤ ጠርቶኛል! የመምህራንን ኮምፒውተር እንዴት እንዳዘመንኩ ላስረዳ ነው። የእርስዎን ነው መጀመሪያ የምነግራቸው» አለው። ድምፁ ይዘልል ነበር። አዳነ ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ የመስቃኑ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ ያነበበ ቀን እንዲህ ነበር። «አላህ ያሳድግህ» ብሎት ተመለሰ።

ሰኞ ማዕዶት ደወለች። የሆነውን ሁሉ ነገራት። «ጋሼ፣ አልነገርኩዎትም?» አለች። «እኔ እንደገና ልጭን ብል አዲሱን ሲስተም የሚያውቀው ድምፅ እስኪዘጋጅ ገና ስድስት ወር ይፈጃል። እርስዎ ያስተማሩት ቃል ሁሉ ደግሞ ያለው አሮጌው ውስጥ ብቻ ነው። ዛሬውኑ ይንገሩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«እነግረዋለሁ።»

«ዛሬ?»

«ከወልቂጤ ይመለስ።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ በዘጠነኛው ቀን መሆኑ ነው፣ ሳላሀዲን ተመለሰ። ብቻውን ግን አልነበረም፤ የዞን እንግዶች ይዞ ነበር። አዳነ በነጭ በትሩ እየተመራ ማረፊያ ክፍሉ ሲገባ፣ «ይኸው፣ ጋሼ አዳነ!» አለ ሳላሀዲን። አንደኛው እንግዳ፣ «እንዴት አገኙት መምህር?» ብሎ ጠየቀው። አዳነ የሳላሀዲን እስትንፋስ አጠገቡ ይሰማዋል።

«ተመስገን ነው» አለ። «እጅግ በጣም ጥሩ ነው።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ቤቱ ገብቶ የጀመረውን ፈተና በጣቱ ትዝታ ብቻ፣ አንዲት መስመር መልሶ ሳይሰማ ጽፎ ጨረሰ። አርብ ጠዋትም እንዲባዛ ለሳላሀዲን ላከለት።

ሳላሀዲን አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ቤት መጣ። አሰላሙ ዓለይኩም አለ፣ አዳነም ሃያ ዓመት እንደለመደው ወዓለይኩም ሰላም አለው። አልተቀመጠም። የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ይህን አንብበውት ነው የሰጡኝ?»

አዳነ እጁን ወደ ወረቀቱ ዘረጋ፤ ሳላሀዲን ግን ቀጠለ።

«አራተኛው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ሰባተኛው መሃል ላይ ተቆርጧል። አምስተኛው ሥር ደግሞ፣ ለራስዎ የጻፉት፣ 'ይህ አልጣመኝም ይጥፋ' ይላል።» ድምፁ ተሰበረ። «እርስዎ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ብትገባ ወረቀቴን የሚመልሱ ሰው ነበሩ።»

«አማርኛ አያነብልኝም፣ ሳላ» አለ አዳነ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ሳላሀዲን ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «አንድ ፕሮግራም አልተስማማም የሚል ጽሑፍ አይቼ ነበር። እንግሊዝኛው ሲናገር ስሰማ አለፍኩት። ያ የእኔ ጥፋት ነው። ግን እርስዎ? ዘጠኝ ቀን ፊቴ ቆመው! እንግዳ ሰብስቤ ስፎክር! ጥፋቴን እንኳ እንዳላይ አሳወሩኝ እኮ ጋሼ። ለምን?»

«እንዳላሳዝንህ ብዬ ነው» አለ አዳነ።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማው። ጓዳ በር ላይ አሰፋሽ ቆማ ነበር፤ እሷም ሰማችው። የአሥራ ስድስት ዓመት ቃል ነው፣ የገዛ ቃሏ።

ሳላሀዲን ላፕቶፑን ከፈተ። አዳነ በጣቱ እየቆጠረ ነበር፤ ማክሰኞ ረፋድ፣ አርብ ከሰዓት። ምናልባት ቀኑ እንጂ ሰዓቱ አይቆጠር ይሆናል። ምናልባት እስከ ማታ ይታገሥ ይሆናል። ሳላሀዲን ቁልፍ ተጫነ፣ ቆመ። እንደገና ተጫነ። ከዚያም አዳነ በደንብ የሚያውቃት ያች ትንሽ ትንፋሽ መጣች።

«ኢንሻአላህ ይሆናል ጋሼ» አለ ሳላሀዲን። «እናየዋለን። አያስቡ።»

አዳነ ፊቱን ወደ ጓዳው በር አዞረ። «አሰፋሽ፣ ነይ» አላት። «ምን ይላል? እንደተጻፈው አንብቢልኝ።»

መጣች። ሳላሀዲን ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። እንግሊዝኛውን መጀመሪያ ለራሷ አነበበችው፤ ቀስ ብላ። ከዚያ በአማርኛ ነገረችው።

«ወደ ቀድሞው ለመመለስ የተሰጠው አሥር ቀን አልፏል። የቀድሞው ሲስተም ከዚህ ኮምፒውተር ላይ ተሰርዟል። መመለስ አይቻልም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም አይልም።»

አዳነ ትንፋሿን ሲያዳምጥ ነበር። አንዲት ቃል አልዘለለችም። አራት ዓመት ያስተማረው ድምፅ፣ አረቅጥን አስተካክሎ የሚጠራው፣ ዑመይርን በስሙ የሚያውቀው፣ ጠዋት ጠፍቷል፤ የጠፋበትን ወሬ ደግሞ የነገረችው አሰፋሽ ናት። እንባው መጣ፤ አላቆመውም። ሳላሀዲን ጉልበቱ ላይ ወድቆ ይቅር ይበሉኝ ሲለው፣ ትከሻውን ይዞ፣ «ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለዋለን፤ ትልቁ የእኔ ነው» አለው። ሰኞ ለዞን ሰዎች ራሱ ደውሎ እውነቱን እንደሚናገርም ነገረው። ሳላሀዲን ሊሄድ ሲነሣ፣ «ተቀመጥ» አለው።

«አሰፋሽ፣ የወንድሜ ደብዳቤ አለ?»

እግሯ ወደ መኝታ ክፍል ሲሄድ፣ የሣጥኑ ክዳን ሲነሣ፣ ልብስ ሲገለበጥ ሰማ። ተመልሳ አጠገቡ ተቀመጠች። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት ሲዘረጋ እንደ ጨርቅ ለስልሶ ነበር፤ ድምፅ አልነበረውም። ሳል አለችና ጀመረች።

«ወንድሜ አዳነ፣ ለጤናህ እንዴት ነህ? እማማ በጣም ታማለች። እህል ካቆመች አምስት ቀን ሆናት። ሌሊትም ቀንም ስምህን ትጠራለች። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ዛሬ ነገ ሳትል ና።»