የሞገዱ ድርሻ

ብርሃኗ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበረች። በቤተ ሙከራው ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ከተቀመጠው ሰው ፊት ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ ሆን ተብላ የደበዘዘች ነጥብ ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ያያት ሰው ቁልፍ ይጫናል፤ ያላያት ዝም ይላል። ከመቶው ብልጭታ ሃምሳው ያህል ይታያል፣ ቀሪው ያመልጣል፤ ዓይኑ ግን በሁለቱም ጊዜ እንደተገለጠ ነው። ልዩነቱ ያለው ከራስ ቅሉ በስተኋላ፣ በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ በሚለው የአንጎል ሞገድ ላይ ነበር። ብርሃኗ በሞገዱ አንደኛው አጋማሽ ላይ ከደረሰች አብዛኛውን ጊዜ ትታያለች፤ በሌላው አጋማሽ ላይ ከደረሰች አብዛኛውን ጊዜ ታልፋለች።

ተመራማሪዋ ይህን ለማረጋገጥ ሦስት ዓመት ፈጅቶባታል። ካጠናቻቸው ሰዎች አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር። ሞገዱን የሚለኩትን ሽቦዎች ራሱ ላይ ስትለጥፍ «ስልክሽን ቻርጅ ልታደርጊብኝ ነው?» እያለ ሲያስቃት ቆየ። ሲጨርሱ «ሰው ዓይኑን ገልጦም የማያይበት ቅጽበት አለ» ብላ አስረዳችው። ያኔ የወንድሟ መኪና ገና ማንንም አልገጨም ነበር።

አሁን በፍርድ ቤቱ ኮሪደር ወዲያና ወዲህ ትላለች። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብባ ሳትጨርስ ትመለሳለች። የወንድሟ ጠበቃ ፋይሉን ደረቱ ላይ አቅፎ እግር በእግር ይከተላታል።

«ሦስት ዓመት እስር ነው ያፈጠጠበት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዓይን ገልጦ አለማየት አለ፣ በቃ። ቁጥር ውስጥ እንዳይገቡ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

እናቷ ከአግዳሚው ላይ ቀና አሉ። «ዋሺ አላልኩሽም፣ የኔ ልጅ። ያልጠየቁሽን አትናገሪ ነው ያልኩሽ።»

ወንድሟ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ክራቫቱን ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። «ኧረ አንቺ ልጅ ቁጭ በይ፣ አዞርሽኝ» አላት።

አልተቀመጠችም። «ያን ቀን ወዴት እያየህ ነበር?»

«ወደ ፊት።»

«ስልክህስ?»

«ኪሴ ውስጥ። ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ሽማግሌውን አላየኋቸውም! አንቺ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያስረዳሽኝ?»

ቢዋሽ ይቀላት ነበር። እሱ ግን ከልቡ አምኗል፤ የእሷን ግኝት ይዞ፣ እንደ ሐኪም ማዘዣ አጣጥፎ ልቡ ውስጥ አኑሮታል።

የክራንች ድምፅ ሰማችና ዞረች። በመኪናው የተገጩት አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሱሪያቸው ቀኝ እግር ከጉልበታቸው በታች ተቆርጦ በጥሩ ስፌት ተዘግቷል፤ ማን እንደሰፋው ግልጽ ነው። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ።

«እህቱ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ እኮ አይቼው ነበር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ የጠፋ ዕቃ የሚያጠያይቅ ሰው ይመስላሉ። «ዓይን ለዓይን የተጋጨን መስሎኝ ነው የተሻገርኩት።»

መልሷን ሳይጠብቁ ክራንቻቸውን አስቀድመው ወደ ችሎቱ ገቡ።

ምስክር ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ቆመች። ጠበቃው ጠየቃት፤ መለሰች። ዓይን ገልጦ አለማየት አለ። የእናቷ ትንፋሽ ከኋላ ተሰማት። የወንድሟ ትከሻ ዝቅ አለ። ጠበቃው አመስግኖ ተቀመጠ፤ እሷም ለመውረድ አንድ እግሯን አነሳች።

«ትንሽ ይቆዩ» አሉ ዳኛው። መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡ ላይ አኖሩ። «ይህ የማይታይበት ቅጽበት ርዝመቱ ምን ያህል ነው?»

«አጭር ነው፣ ክቡር ዳኛ።» ይህም እውነት ነበር።

«ስንት?»

የጠበቃው እስክሪብቶ ቆመ።

«የሞገዱ ግማሽ ነው። የሰከንድ አንድ ሃያኛ።»

«ደግ። ፖሊስ፣ እግረኛው መሻገር ከጀመሩ በኋላ ፍሬን ሳይያዝ የተነዳ ብሎ የለካው ሃያ ሁለት ሜትር ነው። ፍጥነቱ በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር። ከሃያ ሁለቱ ሜትር ውስጥ የሞገዱ ድርሻ ስንት ነው?»

ማስላት አላስፈለጋትም። አደጋው በደረሰ ማግስት አስልታው ነበር፤ ለማንም አልነገረችም፤ ለወንድሟም ጭምር። እናቷ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። ልብስ ሰፊው ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አንገታቸውን ወደ እሷ አስግገው ያዳምጣሉ። ወንድሟ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በርቶ ነበር። በጉጉት ያያታል፤ ቁጥሩ ነፃ የሚያወጣው መስሎታል።

«ሰባ ሴንቲ ሜትር» አለች።