አራት ዲስኮችና የመምህሩ እጆች

«ከአንድ ካርቶን የወጡ ዲስኮች የሚሞቱት በአንድ ሰሞን ነው» ይላል ካሜራማኑ። ከማን ሰማህ ሲባል አንዴ ከእህቱ ባል፣ አንዴ ከእህቱ ባል ጓደኛ ነው፤ ሲጨንቀው ደግሞ «ሁሉም የሚያውቀው ነገር» ይሆናል። የካሜራ እግር ሲያጥፍም፣ ሻይ ሲያማስልም፣ ደረጃ ሲወርድም ያችኑ ነው የሚያላምጣት።

ቢሮው «መርፌ» የሚላት የኮምፒውተር ባለሙያ ቀና ሳትል ትመልስለታለች። «መንታ ሆነው ተወልደው ይሆናላ። እስቲ እናታቸውን ጠይቅልኝ።»

«ወሬ ነው ብለሽ ናቂ አንቺ።»

«ወሬ ነው መች አልኩ? ያንተ ወሬ ነው ነው ያልኩት።»

መርፌ የተባለችው ስለምትወጋ ነው። ሥራውን ያስተማራት የለም። የተጣለ ኮምፒውተር እየፈታች እየገጠመች፣ የባዕድ አገር መመሪያ በመዝገበ ቃላት እየፈለፈለች ነው እዚህ የደረሰችው። በላቧ ያወቀችውን ነገር በሰሚ ሰሚ ሊያርማት የሚመጣን ሰው ታዲያ አትምርም።

ቢሮው ሁለት ክፍል ነው። በአንደኛው ግራጫ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ፊት ለፊቱ ሦስት ካሜራ ቆሟል። መስማት የተሳናቸው አዛውንቱ መምህር፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሊደርስ ለታሰበ የፊልም መዝገበ ቃላት፣ የምልክት ቋንቋን አራት ሺህ ሁለት መቶ ቃላት አንድ በአንድ በእጃቸው ያሳዩት እዚያ ነው። ግማሽ ያህሉን ዛሬ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። ከአስተማሪያቸው ነው የወረሷቸው፤ አስተማሪያቸውም ከእሱ ታላላቆች። ቀረጻው አሥራ አራት ወር ፈጀ። በአሥረኛው ወር ላይ የመምህሩ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ በሽታው ወደፊት እንጂ ወደኋላ እንደማይሄድ ስለነገራቸው፣ መድኃኒቱን ውጠው እጃቸው በሚረጋበት የጠዋት አንድ ሰዓት ብቻ እየተቀረጹ እንደምንም ጨረሱ። የመጨረሻውን ቃል ባሳዩ በሳምንቱ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ልጃቸው ትቆልፍላቸው ጀመር።

ፊልሞቹ ከትምህርት ቤቱ በተዋሷቸው ትናንሽ ዲስኮች ላይ ተበታትነው ነበር። ትምህርት ቤቱ ዲስኮቼን መልሱ ሲል፣ አምስት ክፍል ያለው አንድ ትልቅ የዲስክ ሳጥን ተገዛ። ከአንድ ካርቶን አምስት ዲስክ ወጣ፤ አራቱ ለሥራ፣ አምስተኛው ተጠባባቂ። የቀረው አራቱ እንዴት ተደርገው ይቀናጁ የሚለው ነበር።

«አራቱም አንድ ላይ ይሩጡ» አሉ ኃላፊው። «እያንዳንዱ የፊልሙን ሩብ ይያዝ። የሦስቱን ካሜራ ምስል ባንድ ላይ ስናጫውተው እየተንገጫገጨ አንድ ቃል ለማረም ግማሽ ሰዓት እየፈጀብን ነው።»

«ይሮጣሉ ጋሼ። አንዱ የወደቀ ዕለት ግን የሁሉንም ፊልም ሩብ ነው ይዞ የሚወድቀው።»

«ያንቺስ?»

«ሁለቱ ይጽፋሉ፤ ሁለቱ የእነሱን ይገለብጣሉ።»

«ግማሹ ቦታ በከንቱ ሊቀር?»

«ለክፉ ቀን ነው እንጂ በከንቱ አይደለም።»

«ክፉ ቀንሽ ሳይመጣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ደግሞስ ሕፃናቱ ቃላቱን ሲለማመዱ የቀረጽነውን ፊልም የት ልታደርጊው ነው፣ ቦርሳሽ ውስጥ?»

እውነታቸውን ነው፤ ቦታው አይበቃም ነበር። ሁለት ዛፍ መውጣት እንደማይቻል መርፌ ታውቃለች። ግን መሐል ላይ የበቀለ ሦስተኛ ዛፍ አለ፤ እሱን ደግሞ ከቢሮው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ተነሥታ ሰሌዳው ላይ ሣለችላቸው። አራቱ ፊልሙን ይካፈላሉ፤ የአንዱ ዲስክ ያህል ቦታ ለማመሳከሪያ ይውላል። አንድ ወንድም ቢሞት ሦስቱ የቀሩት ተጠያይቀው የሟቹን ቃል መልሰው ይናገራሉ። ፍጥነቱ ደህና፣ ቦታው ከአራት ሦስት እጅ፣ ሞት ለአንድ ጊዜ ይቻላል።

«ይኸው፤ ሁሉም አገኘ» አሉ ኃላፊው።

የመምህሩ ልጅ የቢሮው አስተርጓሚም ናት። እስከዚያች ሰዓት ሰሌዳውን ስታይ ነበር። «እኔ ስለ ዲስክ አላውቅም፣ የኔ እህት። ግን ሌላ ቤት የሚቀመጥ ቅጂ አያስፈልገውም? እኔ ቤት መሳቢያ ውስጥ እንኳ?»

መርፌ ይህን ራሷ ልትለው ይገባት ነበር። በአንድ ሳጥን ያለ ነገር ምን ቢጠበብበት አንድ ነገር መሆኑን ካነበበች ቆይታለች። ነገር ግን ገና የሣለችው ሥዕል አልደረቀም፤ ኃላፊው ፊት ሌላ ሰው ሲያርምላት ደስ አላላትም።

«እትዬ፣ እሱ ሥራው ሲያልቅ ነው። አሁን አንዱ ቢሞት እንኳ አንድም ቃል አይጠፋም።»

ፊልሙ ወደ ሳጥኑ ተዛወረ፤ የተዋሷቸው ዲስኮችም በዚያው ሳምንት ያለባቸው ሁሉ ተጠርጎ ተመለሱ።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሳጥኑ አንደኛ ክፍል ላይ ቀይ መብራት በራ። ሳጥኑ አንደኛውን ዲስክ አላየሁትም አለ። ካሜራማኑ ከበስተኋላዋ ቆመ።

«ጀመረልሽ። አሁን ሳይውል ሳያድር ገልብጪው።»

«ወደ የት? ባርኔጣህ ውስጥ?»

«ዲስክ እንዋስ። ትምህርት ቤቱ ጋ እኔ እሄዳለሁ።»

«ተጠባባቂው ምን ሊሠራ ነው የተቀመጠው? ስድስት ሰዓት ነው የሚፈጅበት። አንተ ሄደህ እስክትመለስ እሱ ይጨርሳል።»

የሞተውን አወጣችና አምስተኛው የሟቹን ድርሻ ከሦስቱ እየጠየቀ እንዲጽፍ አዘዘችው። እኩለ ቀን ላይ በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ አየች። የሕፃናት ፊት ያለበት ዲስክ ከሥራ በወጣ በዚያው ቀን ተበስቶ ይወገዳል፤ ሁለት ሰው ይፈርማል። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። አንዴ አንድ ሠራተኛ አሮጌ ዲስክ ገበያ ላይ ሲሸጥ ተይዞ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላሳለፈችም።

«ቢያንስ እስኪጨርስ ጠብቂ» አላት ካሜራማኑ።

«ደንብ ደንብ ነው። የሞተ ነገር ለምን ይጠበቃል? ለቀብሩ?»

ጓሮ ወርዳ ዲስኩን በእንጨት ላይ አስራ፣ በመሰርሰሪያ ሦስት ቦታ በሳችው። ብናኙ ጫማዋ ላይ ብልጭልጭ አለ። ካሜራማኑ ፈረመ፤ እሷም ፈረመች። ወጥታ እጇን ታጥባ ስትመለስ ሥራው ከመቶ ሃምሳ ስምንት ደርሶ ነበር።

ስድሳ አንድ ላይ ቆመ። የሳጥኑ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ጥፍር ቆርቆሮ ሲቧጥጥ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ሁለተኛው ቀይ መብራት በራ። ስክሪኑ ላይ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስም የነበረበት ዝርዝር ባዶ ሆነ።

ካሜራማኑ የፈረሙበትን ወረቀት ከጠረጴዛው አንሥቶ አየው።

ለመምህሩ የነገረቻቸው መርፌ ራሷ ናት። ኃላፊው እኔ ልንገር ቢሏት አሻፈረኝ አለች። መምህሩ ከልጃቸው እጅ ላይ ወሬውን እስከ መጨረሻ አነበቡ። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ፤ ሄደው ከግራጫው መጋረጃ ፊት ቆሙ።

«ከአንደኛው ቃል እንጀምር ነው የሚለው» አለች ልጃቸው። ድምፅዋ ከፍ ዝቅ አላለም።

ካሜራማኑ አንዱን ካሜራ ከፈተ። መምህሩ ቀኝ እጃቸውን አነሡ። እጁ በራሱ መንገድ ሄደ። በግራቸው ያዙት፤ ግራውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ሦስተኛ ሞከሩ። መርፌ ልጃቸውን አየቻት፤ የምታነበው ነገር ካለ ብላ።

«ምን አሉ፣ እትዬ?»

«አላውቅም። እኔ የአባቴን እጅ አንብቤ ያልገባኝ ዛሬ ነው።»

ሄዳ ኮታቸውን መልሳ አለበሰቻቸው። ካሜራማኑ ካሜራውን ሳያጠፋ ረሳው፤ ካሜራው ባዶውን መጋረጃ ሲቀርጽ ዋለ።

መርፌ ሳጥኑን ታቅፋ የተበላሹ ዲስኮችን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ጋ ሄደች። ሱቃቸው ሁለት ሰው አያስቆምም። ሁለት ቀን አገላብጠው ሦስተኛውን ዲስክ ገልጠው አሳዩዋት፤ እንደ መስተዋት በሚያበራው ፊቱ ላይ ቢላ የሄደበት የመሰለ ጭረት ነበር።

«ይኼኛው አብቅቶለታል። እንኳን እኔ፣ የሠራውም አያስነሣው። መጀመሪያ የወጣውን አምጪልኝ።»

«የለም፣ አባባ።»

«ጠፋ?»

«ተበሳ። ሦስት ቦታ።»

«ማን የሚሉት ጅል?»

«እኔ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋትና መልሰው አደረጉት። «በይ ሳጥኑን ተይልኝ፤ ሌላ ሰው ካለ ይገዛኝ ይሆናል። መጀመሪያ ልፈትሸው።»

ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኃላፊው መዝገበ ቃላቱ «ላልተወሰነ ጊዜ» መዘግየቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ላልተወሰነ ጊዜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። ካሜራማኑ ሌላ ሥራ አገኘ። ሲሰናበታት ዲስክ የሚል ቃል አላነሣም፤ እሷም አልወጋችውም። መምህሩ ወደ ቢሮ መምጣት ተዉ። አሁን ውሃ ሲፈልጉ እንኳ በዓይናቸው ነው የሚጠይቁት ብላ ልጃቸው ለጽዳቷ ስትነግር መርፌ ከግድግዳው ወዲያ ሰማች።

መጋረጃውን ከማገሩ እያወረደች ሳለ ስልኳ ጠራ። ጠጋኙ ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ያን ሳጥን ፈተሽኩት። አንደኛው ክፍል ለዲስኩ ኤሌክትሪክ የሚያስገባው እግሩ ተሰንጥቋል። ጤነኛ ዲስክ አስገባሁበት፤ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ጠፋ። ሌላ አስገባሁ፤ እሱም ጠፋ። አውጥቼ ጎኑ ባለው ክፍል ሳደርጋቸው ሁለቱም ይሠራሉ።»

መርፌ መጋረጃውን በአንድ እጇ እንደያዘች መሰላሉ ላይ ቆመች።

«እና መጀመሪያ የወጣው ዲስክ፣ አባባ?»

«እሱማ ምንም አልነበረበትም።»